«ባሕሩ ሩቅ ነው? ውሰዱኝና ልየው»

ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሴቷ ዘንድሮ አራተኛ ክፍልን ጨርሳለች፤ ወንዱ ስድስት ዓመቱ ነው። ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ጎረቤቱም ጓደኛውም ጓዙን ጭኖ ኦሽን ሲቲ ይወርዳል። የእኔ ልጆች ግን አንድም ቀን ባሕር አይተው አያውቁም። ሰበብ የምፈጥረው እኔ ነኝ። አንዴ ሥራ ነው፣ አንዴ ገንዘብ የለም፣ አንዴ ልጁን ጉንፋን ይዞታል እላለሁ።

እውነቱ ሌላ ነው። ታናሽ ወንድሜ ሥራ ፍለጋ በጅቡቲ በኩል ወጥቶ ከኦቦክ ወደ የመን ሲሻገር ጀልባዋ ሰጥማ ውሃ በላው። ገና ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። መርዶው ደረሰን፣ ለቅሶ ተቀመጥን፤ አስከሬኑ ግን አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ የባሕር ፎቶግራፍ እንኳን ሳይ እጄን ያልበኛል። ልጆቼ አጎት እንደነበራቸው ያውቃሉ፤ እንዴት እንደሞተ ግን ነግሬያቸው አላውቅም።

ዘንድሮ መላው ጠፋኝ። ባለቤቴ ሳያማክረኝ ለነሐሴ መጀመሪያ ሳምንት ባሕሩ ዳር ሆቴል ያዘ። «ለልጆቹ ስትይ ቻይው» ይለኛል። በዚያ ላይ እናቴ ከደሴ መጥታ እኛ ጋር ናት፤ እሷ ደግሞ ፍልሰታን አጥብቃ ነው የምትጾመው። ድሮ አሰብ ነበርን፣ እኔም የተወለድኩት እዚያ ነው፤ በ1983 ዓ.ም. ስንወጣ ሕፃን ነበርኩ። ባለፈው እሑድ ቡና እየጠጣን ሳለ እናቴ ድንገት «ባሕሩ ከዚህ ሩቅ ነው? ውሰዱኝና ልየው» አለች። ደንግጬ «ስምንት ሰዓት ያስነዳል» ብዬ ዋሸኋት። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ብወስዳትና ብትሰበርብኝስ? እኔስ ልጆቹ ፊት ራሴን መቆጣጠር ቢያቅተኝ? ልቅር ብልስ እስከ መቼ?

ባሕር የምትፈራ እናት

*

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት የወንድምሽን ነፍስ ይማር። ዓመታት ቢያልፉም ይህን ቃል ሰው ሊልሽ ይገባል። አፈር ያላለበሱት፣ መቃብሩ የማይታወቅ ሰው ኀዘን ማረፊያ ስለሌለው ቶሎ አይሽርም። እጅሽን ቢያልበው፣ ሰበብ ብትደረድሪ፣ እናትሽን ደንግጠሽ ብትዋሺ ምንም አይገርመኝም። ስንት ዓመት ብቻሽን የተሸከምሽውን ነገር ነው በአንድ ክረምት ከሦስት አቅጣጫ የጠየቁሽ፤ ባልሽ፣ ልጆችሽ፣ እናትሽ።

«ለልጆቹ ስትይ ቻይው» የሚለው ንግግር እንዳስከፋሽ ከአጻጻፍሽ ይታያል፤ ሳያማክርሽ ሆቴል መያዙም ልክ አልነበረም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ባለቤትሽ እጅሽን እንደሚያልብሽ ያውቃል? ሌሊቱን ሳትተኚ ማደርሽንስ? ወይስ እሱም እንደ ልጆቹ የሰማው ሥራውንና ጉንፋኑን ብቻ ነው? ሰው የማያውቀውን ሕመም ቻይው ማለት ይቀለዋል። ለእኔ የጻፍሽውን ደብዳቤ እንዳለ አንብቢለት። ክርክር አትክፈቺ፤ አንብቢለትና ዝም በዪ። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ንግግር እስካሁን ካደረጋችሁት የተለየ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

ደጋግሜ ያነበብኩት ግን ስለ አሰብ የጻፍሽውን ነው። በአንድ መስመር አለፍሽው እንጂ ለእኔ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚያ ላይ ይመስለኛል። አንቺ ባሕርን ያወቅሽው በመርዶ ነው። እናትሽ ግን ከመርዶው ብዙ ዓመት በፊት ያውቁታል። ጎጆ ያቆሙበት፣ አንቺን የወለዱበት፣ በሙቀቱ ሌሊት ደጅ አልጋ ዘርግተው ነፋሱን የጠበቁበት ከተማ በቀይ ባሕር ጠረፍ ላይ ነው። ልጃቸውን የወሰደውም ባሕር ነው። ሁለቱም በአንድ ልብ ውስጥ አሉ። «ውሰዱኝና ልየው» ሲሉ የትኛውን እየፈለጉ እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ አንቺም አታውቂም። ይሰበራሉ ብለሽ ፈራሽ እንጂ አልጠየቅሻቸውም።

ስለዚህ ጠይቂያቸው። ቡናው ከሁለተኛው ሲደርስ፣ ልጆቹ ሌላ ክፍል ሳሉ፣ «እማዬ፣ ባሕሩ ጋ ስንደርስ ምን ማድረግ ነው የምትፈልጊው?» በያቸው። ምናልባት ቁጭ ብለው ማየት ብቻ ይሆናል። ምናልባት ዳዊት መድገም፣ ምናልባት ያልወጣላቸውን ልቅሶ ማልቀስ። ምናልባት ደግሞ የወጣትነት ከተማቸው ናፍቋቸው ይሆናል። ርቀቱንም በዚያው አርሚላቸው፤ መንገዱ ካልተጨናነቀ ከሲልቨር ስፕሪንግ ኦሽን ሲቲ ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ለምን እንደዋሸሽም ንገሪያቸው። «ትሰበሪብኛለሽ ብዬ ፈርቼ ነው» ስትያቸው ምናልባት እርሳቸውም ስለ አንቺ ያንኑ ፈርተው ዝም ብለው እንደኖሩ ትሰሚ ይሆናል። በብዙ ኀዘንተኛ ቤት እናትና ልጅ አንዱ ለሌላው ሲጠነቀቅ ዓመታት ያልፋሉ።

እኔ የምመክርሽ የልጆቹን ጨዋታና የእናትሽን ኀዘን በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ እንዳታደርጊያቸው ነው። ሙዚቃ በሚጮኽበት፣ ሺህ ሰው በተኛበት አሸዋ ላይ ማልቀስ አይመችም፤ ልጆቹም ፊታችሁን እያዩ መጫወት አይችሉም። ደግነቱ ለሁለቱም የሚሆን ቦታ እዚያው አካባቢ ጎን ለጎን አለ።

ከኦሽን ሲቲ በስተደቡብ አሳቲግ የሚባል ደሴት አለ። ርዝመቱ ስድሳ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ቀጭን የአሸዋ ደሴት ነው። በ1933 እ.ኤ.አ. የመጣ ከባድ ማዕበል መሬቱን ሰንጥቆ ከኦሽን ሲቲ ለየው፤ ዛሬም በመካከላቸው ጀልባ የሚያልፍበት ውሃ አለ። ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፌደራል መንግሥት የተጠበቀ የባሕር ዳርቻ ፓርክ ነው፤ ሜሪላንድም በዚያው ደሴት ላይ የራሷ ፓርክ አላት። በፓርኩ ውስጥ ፎቅም ሆነ የሚያሽከረክር መጫወቻ የለም። አሸዋ፣ ሣር፣ ነፋስ፣ እና ባለቤት የሌላቸው ፈረሶች አሉ። ፈረሶቹ በመንገድ ዳር ይግጣሉ፤ ዝንብ ሲያስቸግራቸው ወደ ውሃው ዳር ወርደው ነፋስ ይቀበላሉ። የወሎ ሰው ፈረስ ስለሚወድ እናትሽ ጠጋ ብለው ሊያሻሹ ይቃጣቸው ይሆናል፤ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ቢያንስ አሥራ ሁለት ሜትር መራቅ ግድ ነው፤ መመገብም ክልክል ነው። ይራገጣሉ፣ ይነክሳሉ።

የእናትሽ ማለዳ እዚያ ይሁን። ፀሐይ ሳትበረታ ሂዱ፤ ትንኝና ተናካሽ ዝንብ ስለማይጠፋ ረጅም እጅጌና የሚቀባ መከላከያ ያዙ። ጥላ የሚሆን ዛፍ ባሕሩ ዳር የለም፤ ተጣጣፊ ወንበርና ጃንጥላ መኪናው ላይ ይጫን። የልብስ ነገር አያሳስብሽ፤ እናትሽ በሐበሻ ቀሚሳቸውና በነጠላቸው ቢቀመጡ ዘወር ብሎ የሚያይ የለም። ባለቤትሽ በዚያ ሰዓት ልጆቹን «የረግረጉ ሕይወት» ወደሚባለው አጭር መንገድ ይውሰዳቸው። ከረግረጉ በላይ በእንጨት የተነጠፈ መንገድ ነው፤ የሚታየው ሞገድ የሌለበት የኋለኛው ውሃ፣ ሸርጣንና ነጭ ሽመላ ነው። አንቺና እናትሽ ብቻችሁን ሁኑ። አንቺ መቅረብ ካቃተሽ ከአሸዋው ክምር ጀርባ ወይም መኪናው ውስጥ ተቀመጪ። እናትሽን እጃቸውን ይዘሽ እስከ ውሃው ማድረስ አለብሽ ያለ ማንም የለም።

ስለ ወጪው አንድ ነገር ልጠቁምሽ። ልጅሽ አራተኛ ክፍልን ዘንድሮ ከጨረሰች ለአራተኛ ክፍል ተማሪዎች የሚሰጠው ነፃ የፌደራል ፓርኮች መግቢያ እስከ ኦገስት 31 ያገለግላታል። በመኪናው ያላችሁት በሙሉ በእሷ ስም በነፃ ትገባላችሁ። ኢንተርኔት ላይ አስቀድሞ መውጣት አለበት። መግቢያውን በር ላይ የምታሳየው እሷ ትሁን፤ ለአንድ ሕፃን ቤተሰቡን ይዞ መግባት ትልቅ ነገር ነው። የሜሪላንድ ፓርክ ግን የራሱ መግቢያ ክፍያ አለው።

የልጆቹ ቀን ኦሽን ሲቲ ይሁን፤ ለእነሱ በእርግጥ ደስ የሚል ከተማ ነው። የባሕሩ ዳርቻ ለሁሉም ነፃ ነው። ቦርድዎክ የሚሉት በእንጨት የተነጠፈ የእግር መንገድ ከከተማዋ ደቡባዊ ጫፍ ተነሥቶ እስከ 27ኛው መንገድ ይዘልቃል። እዚያ ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚዞር የእንጨት ፈረሶች መጫወቻ አለ፤ ስድስት ዓመት ለሆነው ልጅሽ ከባሕሩ ይልቅ እሱ ሊበልጥበት ይችላል። ከ1929 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ድንች ብቻ የሚጠብስ ትራሸርስ የሚባል ቤትም አለ። ድንቹ የሚጠበሰው በኦቾሎኒ ዘይት ነው፤ ካቻፕ አይሰጡም፣ በኮምጣጤ ነው የሚበላው። ለጾመኛ ከዚህ የተሻለ የመንገድ ምግብ እዚያ አታገኚም።

ደኅንነቱን በተመለከተ፣ «አትፍሪ» አልልሽም። አትላንቲክ ውቅያኖስ ነው፤ መፈራት ያለበትን ያህል ቢፈራ እመርጣለሁ። ነገር ግን ወንድምሽ የተሳፈረባት ዓይነት ጀልባና በቀን ብርሃን በጠባቂ ፊት ያለ የመዋኛ ዳርቻ አንድ አይደሉም። የአሜሪካ የነፍስ አዳኝ ዋናተኞች ማኅበር ጠባቂ ባለበት ዳርቻ ሰው ሰጥሞ የመሞቱን ዕድል ከ18 ሚሊዮን አንድ አድርጎ ይገምታል። በኦሽን ሲቲ ጠባቂዎቹ ከሜይ መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር ባሉት ወራት በአሜሪካ አቆጣጠር ከጠዋቱ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ከፍ ባለው ወንበራቸው ላይ ናቸው። ከዚያ ሰዓት ውጭ ልጆቹ እግራቸውን እንኳን ውሃ እንዳይነኩ። ስትደርሱ ባለቤትሽ ወደ ጠባቂው ሄዶ «ዛሬ ውሃው እንዴት ነው? ልጆቹ የት ቢሆኑ ይሻላል?» ብሎ ይጠይቅ፤ ደስ ብሏቸው ነው የሚመልሱት። ጠባቂዎቹ ባንዲራ እያወዛወዙ ፊደል በፊደል ከወንበር ወንበር ይነጋገራሉ፤ ልጆቹን አሳያቸው በዪው።

አገራችን «እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ» የምትለው ዓይነት እዚያም አለ። ከዳር ወደ ጥልቁ የሚጎትት ጠባብ ጅረት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚታየው ሞገዱ ግራና ቀኝ ሲሰበር መካከሉ ጸጥ ብሎ ነው። የማያውቅ ሰው ጸጥ ያለውን መርጦ ይገባል። የያዘው ሰው ወደ ዳር ቀጥ ብሎ ልዋኝ ካለ ይደክማል። ሳይታገል መንሳፈፍ፣ እጅ አንሥቶ መጥራት፣ ከቻለም ከዳርቻው ጋር ጎን ለጎን እየዋኘ ከጅረቱ መውጣት ነው ያለበት። ልጆችሽ ገንዳ ውስጥ መዋኘት ቢችሉም ባሕር ሌላ ነው። ስድስት ዓመት የሆነው ልጅ የባሕር ጠረፍ ጠባቂው ኃይል ያጸደቀው መንሳፈፊያ ጃኬት ይልበስ፤ ክንድ ላይ የሚነፋው የፕላስቲክ ነገር መጫወቻ እንጂ መከላከያ አይደለም። የውሃው ሥራ የባለቤትሽ ይሁን። ስልኩን አንቺ ዘንድ ትቶ፣ ውሃ ውስጥ ሆኖ፣ ልጆቹ ክንዱ በሚደርስበት ርቀት። ይህን ቃል ከመሄዳችሁ በፊት ይስጥሽ። አንቺ በዚያ ቀን ጠባቂ አይደለሽም፤ ብትፈልጊ ዳር ትቀመጫለሽ፣ ባትፈልጊ ከእናትሽ ጋር ቦርድዎኩ ላይ ትንሸራሸሪያለሽ።

ልጆቹ ስለ አጎታቸው ይወቁ። ከመሄዳችሁ ቢያንስ ሳምንት ቀደም ብለሽ፣ ፎቶግራፉን ይዘሽ ንገሪያቸው። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። «አጎታችሁ ሥራ ሊፈልግ ባሕር ሲሻገር ጀልባው ሰጥሞ ሞተ። እኔ ባሕር ሳይ እሱ ትዝ ይለኛል። ካለቀስኩ በእሱ ነው፤ እናንተ ያጠፋችሁት ነገር የለም፣ መጫወት ትችላላችሁ።» ትልቋ ምናልባት ዝም ብላ ሄዳ ከሁለት ቀን በኋላ ትጠይቅሻለች። ትንሹ «እኛም እንሰጥማለን?» ይልሽ ይሆናል። አጎቱ የሄደባት ጀልባ ከአቅሟ በላይ ሰው እንደምትጭን፣ የሚያድን ሰውም እንዳልነበረ፣ እነሱ ግን አባታቸው አጠገባቸው ሆኖ ጠባቂ እያያቸው እንደሚጫወቱ ንገሪው። ያን ጊዜ «ልጆቹ ፊት ራሴን ባልቆጣጠርስ» የሚለው ሥጋት ግማሹ ይቀልልሻል፤ የምትደብቂው ነገር አይኖርማ።

በቀጥታ ወደ ውቅያኖሱ ከመሄድሽ በፊት ግን አንድ አጭር ሙከራ አድርጊ። ከአናፖሊስ አጠገብ ሳንዲ ፖይንት የሚባለው የሜሪላንድ ፓርክ አለ፤ ከቤትሽ አንድ ሰዓት አይሞላም። የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ ስለሆነ ውሃው ከውቅያኖሱ በጣም የረጋ ነው። በሥራ ቀን ጠዋት ሂጂ፤ ቅዳሜና እሑድ ሞልቶ በሩ ስለሚዘጋ የመግቢያውን ሁኔታ ቀድመሽ ከፓርኩ ድረ ገጽ እዪ። ሩብ ሰዓት ቆይተሽ ብትመለሺም ሄደሻል። ከዚያ ሆነሽ የቤይ ድልድይን ታይዋለሽ፤ ወደ ኦሽን ሲቲ የምትሻገሩት በእሱ ነው። ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከሥሩ ውሃ ብቻ ስለሆነ ብዙ ሹፌር ይፈራዋል፣ በክፍያ መኪናውን ተረክቦ የሚያሻግርላቸውም አለ። አንቺ ብቻ አይደለሽም ማለቴ ነው። ስትሻገሩ ከኋላ በልጆቹ መካከል ተቀመጪ፤ ዓርብ ከሰዓት ግን በምንም ምክንያት አትውጡ፣ ድልድዩ ላይ ተሰልፎ መቆም ለአንቺ አይሆንም።

የቀረው ቀኑ ነው። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል። እናትሽ ጾሙን ቤተ ክርስቲያን በመሳለምና በማስቀደስ ማሳለፍ እንደሚፈልጉ እገምታለሁ፤ በሱባኤ መሐል ሆቴል መግባት አይከብዳቸውም? ባለቤትሽ ሆቴሉን ደውሎ ቀኑን ወደ ሐምሌ እንዲያስቀድም ብትነግሪው ይሻላል። ከነሐሴ 16 በኋላም ይቻላል፤ ነገር ግን ትምህርት ሊከፈት ጥቂት ቀን ይቀረዋል፣ በዚያ ሰሞን ደግሞ ሩቅ ውቅያኖስ ላይ ያለ አውሎ ነፋስ እንኳን ሞገዱን ያበረታዋል። ሐምሌን እመርጣለሁ። መያዣው ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ከሆነም ደላዌር ውስጥ ያለችውን ሉዊስን አስቡባት። ትንሽ፣ ጸጥ ያለች ከተማ ናት፤ ዳርቻዋ በደላዌር ባሕረ ሰላጤ ላይ ስለሆነ ሞገዱ ለትንንሽ ልጆች ይራራል። እዚያው ባለው የኬፕ ሄንሎፐን ፓርክ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቀረ ማማ ላይ ወጥቶ ባሕሩን ከሩቅ ማየት ይቻላል። የልጆች መጫወቻ ከፈለጋችሁ ሪሆቦት ቢች ቅርብ ነው። ምርጫው የእኔ ቢሆን ለመጀመሪያ ጊዜ ሉዊስን እመርጥ ነበር፤ የአሳቲግን ማለዳ ግን እናትሽ ከፈለጉት አትተዪው፣ ለብቻውም ቢሆን ይሂዱበት።

እናትሽን ስትጠይቂያቸው ተዝካሩ እንዴት እንደወጣ፣ የቀራቸው ነገር ካለም አንሺላቸው። መቃብር ለሌለው ሰው ምን ማድረግ እንደሚቻል የነፍስ አባታችሁን አማክሩ፤ ምናልባት ከጉዞው በፊት ጸሎት ይደረግለት ይሆናል።

ለራስሽም ባለሙያ አነጋግሪ። እንቅልፍ የሚነሳ፣ ፎቶግራፍ ሲያዩ እንኳን እጅ የሚያልብ ነገር በምክር የሚቀል ሕመም ነው፤ በአንቺ አካባቢ በአማርኛ የሚያነጋግሩ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች አሉ። ለሐኪምሽ ለእኔ የጻፍሽውን ያህል ብትነግሪው ይልክሻል። የመጀመሪያው ቀጠሮ ከጉዞው በፊት ቢሆን ጥሩ ነው፤ ወረፋው ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል በዚህ ሳምንት ደውዪ።